ከመፍረሱ በፊት ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ አዲስ አበባ መልሶ ማልማት በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ዘገባዎችና አስተያየቶች በትኩረት እከታተላለሁ። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች የሚከራከሩት ይፍረስ ወይስ አይፍረስ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን በሕንፃ ንድፍ ሥራ ያሳለፍኩና አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ የአራዳ ነዋሪ ስሆን፣ በዚህ ደብዳቤ የማቀርበው በሁለቱ ወገኖች ክርክር መካከል ተዘልሏል ብዬ የማምንበትን ጉዳይ ነው። ይኸውም ማንኛውም አሮጌ ቤት፣ በቅርስነት ተመዘገበም አልተመዘገበም፣ ከመፍረሱ በፊት በባለሙያ እንዲለካ፣ ንድፉ እንዲወጣና ፎቶግራፍ እንዲነሣ፣ ለሌላ ቤት ጥገና የሚያገለግሉ ክፍሎቹም ተለይተው እንዲቀመጡ የሚያስገድድ አሠራር ይዘርጋ የሚል ነው።

ልማቱን ለመቃወም እንዳልተነሣሁ አስቀድሜ መግለጽ እፈልጋለሁ። በመሀል አዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ውስጥ የኖረ ሰው የኑሮውን ክብደት ያውቀዋል። በብዙ ግቢዎች አንድ መጸዳጃ ቤት ለበርካታ አባወራዎች ያገለግል ነበር፤ ማድ ቤቱ ከመኝታው በቆርቆሮ ብቻ ይለያል፤ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ የለም፤ ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በየደጃፉ ያልፋል። እንዲህ ያለው ኑሮ እንዲቀየር መመኘት ተገቢ ነው። በእነዚያ ቤቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች የቧንቧ ውኃና የራሱ መጸዳጃ ያለው ቤት ሲያገኙ መደሰታቸውን አይቻለሁ፤ ከዕድራቸው፣ ከደብራቸውና ከገበያቸው ርቀው የተቸገሩትንም አውቃለሁ። የተነሺዎቹ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚጠይቅ በመሆኑ ዛሬ በሰፊው አልገባበትም።

ይሁን እንጂ «አርጅቷልና ይፍረስ» የሚለው ውሳኔ በተሰጠ ቁጥር እነዚህ ቤቶች እንዴት ለዚህ እንደበቁ ማስታወስ ያስፈልጋል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። የቀበሌ ቤት ኪራይ እንዲቀነስ በመደረጉ ለድኃው ትልቅ እፎይታ ሆኗል፤ ይህን ማንም ሊክድ አይገባም። ነገር ግን የሚሰበሰበው ገንዘብ ጣሪያ ለመቀየር እንኳ የሚበቃ አልነበረም፤ ተከራዩም ቤቱ የራሱ ባለመሆኑና ያለ ፈቃድ መጠገን ስለማይችል እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ። በዚህ ሁኔታ አሥርተ ዓመታት ሲያልፉ አንዱ ሰፊ አዳራሽ በኮምፔርሳቶ ለአራት ተከፈለ፣ በረንዳው ተዘግቶ መኝታ ቤት ሆነ፣ የውኃ መውረጃው ቱቦ ዝጎ ወደቀና ውኃው ግድግዳውን ይመታው ጀመር። ዛሬ ቤቱን ስናየው የሚታየን ይህ ሁሉ ተደራርቦ ነው፤ ከሥሩ ያለውን የመጀመሪያውን ቤት ለማየት ግን መለኪያ ይዞ መግባትን ይጠይቃል።

ከሥሩ ያለው ምን እንደሆነ ላብራራ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት ከተሠሩት የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች ብዙዎቹ ተመሳሳይ አሠራር አላቸው። የምድር ቤቱ ግድግዳ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የተገነባ ሲሆን ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ ከግማሽ ሜትር ያልፋል። ፎቁ በእንጨት ምሰሶና ማገር ተዋቅሮ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ የተመረገ ነው፤ ይህም ክብደቱን ስለሚያቀልለው የታችኛው ግድግዳ ሳይጨነቅ ይሸከመዋል። ፊቱን ወይም ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ ይከበዋል፤ በረንዳው ለማማር ብቻ የተሠራ ሳይሆን የክረምቱን ዝናብ ከጭቃው ግድግዳ የሚያርቅ ጥላ ነው። ጣሪያው ሹል የሆነውም ውኃው ቶሎ እንዲወርድ ነው። በውስጥ በኩል ኮርኒሱ ብዙ ጊዜ አቡጀዲ ተወጥሮ ኖራ የተቀባ ነው። በዚያ ዘመን እንደ አርመናዊው ሚናስ ኸርቤክያንና እንደ ህንዳዊው ሐጂ ቃዋስ ያሉ የውጭ ባለሙያዎች ከአገሬው ግንበኛና አናጺ ጋር አብረው ሠርተዋል፤ የህንድና የአርመን የእንጨት ፍልፍል ጌጥ ከሸዋ የጭቃና የማገር ሥራ ጋር በአንድ ቤት ላይ የተገናኘው በዚህ ምክንያት ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ቆርቆሮውና መስታወቱ የመጨረሻውን መንገድ በግመልና በበቅሎ ይመጣ እንደነበር ስናስብ፣ አንድ የመስኮት መስታወት ለዚያ ዘመን ሰው ምን ያህል ውድ እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ከጥቂት ታዋቂ ሕንፃዎች በስተቀር እንዲህ ያሉ ቤቶች የተሟላ ንድፍ ስለሌላቸው ነው። ሲሠሩ በወረቀት ላይ አልተነደፉም፤ ባለቤቱና ዋናው ባለሙያ መሬት ላይ ቆመው በክንድና በገመድ እየለኩ ነው ያቆሟቸው። ስለዚህ ቤቱ ራሱ ብቸኛው ሰነድ ነው፤ ሲፈርስ ሰነዱም አብሮ ይጠፋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለጣሊያን ሹማምንት የተሠሩት የካዛንችስ ቤቶች በአንጻሩ የተነደፉ ነበሩ፤ እነርሱም ቢሆኑ ከዚያ ወዲህ በነዋሪው እጅ ብዙ ስለተለወጡ መጨረሻ ላይ የነበራቸውን መልክ የሚያሳይ ንድፍ በማንም እጅ የሚገኝ አይመስለኝም።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ሰፈሮች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተነሡ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተራው የካዛንችስ ሆነ። ከዚያ አስቀድሞም ልደታና ባሻ ወልደ ችሎት በመልሶ ማልማት ፈርሰዋል። ዛሬ በእነዚህ ቦታዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራትና አረንጓዴ ቦታ ይታያል፤ በምሽት ከዓድዋ ድል መታሰቢያ እስከ አራት ኪሎ በእግር የሚጓዝ ሰው የሚያየው ለውጥ እውነተኛ ነው። ችግሩ ያለው ከፈረሱት መካከል የትኛው ቤት በማን፣ መቼና እንዴት እንደተሠራ፣ ስንት ክፍል እንደነበረው፣ ደረጃው በየት እንደሚወጣ ሊያሳየን የሚችል መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አለመቀመጡ ላይ ነው። በነዋሪዎች ስልክ ላይ የቀሩ ፎቶግራፎች አሉ፤ ፎቶግራፍ ግን ልክን አይናገርም።

የተሟላ ሰነድ መኖር ለጥገና ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ከመሀል ከተማ ሳንወጣ አፍሪካ አዳራሽን እንመልከት። በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ ተነድፎ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ አዳራሽ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር በተመደበለት እድሳት ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ሲመረቅ የተሠራው ሥራ ቀለም መቀባት ብቻ አልነበረም። ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናክሯል፤ የግድግዳውና የወለሉ ትናንሽ ሸክላዎች በመጀመሪያው መጠንና ቀለም እንደገና ተመርተዋል፤ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ያዘጋጁት፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም መስታወት ተጠግኗል። ይህ ሊሆን የቻለው የአዳራሹ መልክና ልክ በሰነድ ስለሚታወቅ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ለእያንዳንዱ አሮጌ ቤት ይመደብ የሚል የለም፤ ነገር ግን የሥራው ቅደም ተከተል፣ ማለትም መጀመሪያ ማጥናትና መለካት፣ ቀጥሎ መጠገን የሚለው፣ ለትንሹም ቤት ያው ነው።

በእቴጌ ጣይቱ የተቋቋመው የአገራችን የመጀመሪያ ሆቴልም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰው የእሳት ቃጠሎ የሆቴሉ ክፍል ሲጎዳ ብዙዎቻችን ፒያሳ ቆመን አዝነናል፤ በኋላ ተጠግኖ ሥራውን ቀጥሏል። በእንጨት የተሠራ ቤት እሳት በአንድ ሰዓት ሊወስደው እንደሚችል ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልገንም። ስለዚህ መለካት የሚያስፈልገው የሚፈርሰው ብቻ አይደለም፤ የሚቆየውም በየጊዜው ሊለካና ሰነዱ ከቤቱ ውጭ ሊቀመጥ ይገባል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማ ጊዜ እኔን ያሳሰበኝ አንዱ ነገር ይኸው ነበር፤ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ለእንዲህ ያለ ንቅናቄ እጅግ ደካማ ነው።

ስለ ጥገና ከተነሣ አይቀር በጣም የሚያሳዝነኝን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በመሀል ከተማ የምናያቸው ብዙ እድሳቶች ከመንገድ የሚታየውን ፊት በሲሚንቶ ለስኖ ቀለም በመቀባት ያበቃሉ። በምኖርበት አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ይገለገልበት የነበረ የጥንት ቤት እንዲሁ ታድሶ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥቀስ ለጉዳዩ አይጠቅምም። ሥራ ተቋራጩ የነበረውን የኖራና የጭቃ ልስን አንሥቶ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም በወፍራም ሲሚንቶ አለበሰው። ምርቃቱ ላይ ቤቱ አዲስ መስሎ ነበር። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ግን የግርጌው ልስን እየተነፋ መውደቅ ጀመረ፤ በውስጥም ሻጋታ ወጣ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ የኖራ ልስን ያንን እርጥበት ወደ ውጭ ያስተነፍሰዋል፤ ሲሚንቶ ግን ይዘጋበታል፤ የታፈነው ውኃ ጭቃውን እያለሰለሰ ግድግዳውን ከውስጥ ይበላዋል። የእንጨቱ እግር ግድግዳው ውስጥ ከተቀበረ ደግሞ ይበሰብሳል። ቤቱ አስቀድሞ ቢጠናና አሠራሩ በወረቀት ቢሰፍር ኖሮ ተቋራጩ ምን ዓይነት ልስን መጠቀም እንዳለበት በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍለት ነበር። በጨረታ ሰነዱ ላይ «ልስንና ቀለም በካሬ ሜትር» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ተቋራጩ የሚያውቀውንና የሚረክሰውን ቢሠራ የሚፈረድበት አይመስለኝም።

ኖራ የሚያበስልና በኖራ የሚለስን፣ ድንጋይ በእጅ የሚጠርብ፣ የበረንዳ ፍልፍል ጌጥ የሚያወጣ አናጺ በከተማችን እየጠፋ ነው። ያሉትም አርጅተዋል። ሥራ ስለሌላቸው ልጆቻቸው ወደ ብሎኬትና ፌሮ ሥራ ገብተዋል። የሚፈርሱ ቤቶችን መለካትና በጥንቃቄ መንቀል ለእነዚህ አዛውንቶች ሥራ፣ ለወጣቱ ደግሞ ትምህርት ቤት በሆነ ነበር፤ አንድ የማገር አያያዝ እንዴት እንደተሠራ ከመጽሐፍ ይልቅ ሲፈታ ማየት ያስተምራልና።

ወደ ሁለተኛው ሐሳቤ ልለፍ። አንድ አሮጌ ቤት በኤክስካቫተር ሲፈርስ ድንጋዩ፣ እንጨቱ፣ ቆርቆሮውና ጭቃው በአንድ ላይ ይፈጫል። ብረቱንና ቆርቆሮውን ቆራሊዮዎች ይለቅሙታል፤ ደህናው መዝጊያና መስኮት ዕድል ካገኘ ምናለሽ ተራ ደርሶ ይሸጣል፤ የቀረው በገልባጭ መኪና ተጭኖ ከከተማ ይወጣል። ከተማዋ እንዲጠበቁ የወሰነችላቸው ሌሎች የጥንት ቤቶች ግን እነዚሁኑ ዕቃዎች ይፈልጋሉ። የጥድና የዝግባ ወፍራም ሳንቃ ዛሬ በእንጨት መሸጫው እንደ ልብ አይገኝም። በእጅ የተጠረበው የማዕዘን ድንጋይ፣ የቀድሞው የደረጃ መደገፊያ፣ በእጅ የተቀጠቀጠው የበር ማጠፊያና የድሮው ወፍራም ቆርቆሮ በአዲስ ሥራ ሊተካ የማይችል ወይም በብዙ ወጪ ብቻ የሚተካ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ክፍል እንደተነሣ ቁጥር እየተጻፈበት በአንድ የከተማው መጋዘን ቢቀመጥና ለቅርስ ቤቶች ጥገና ብቻ ቢወጣ፣ ለጥገናው የሚወጣው ገንዘብም ይቀንሳል፤ የተጠገነውም ቤት ባሕርዩን ይዞ ይቆያል። በመስቀል አደባባይ አጠገብ በራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤት ውስጥ የተቋቋመው አዲስ አበባ ሙዚየም፣ በጉለሌ የሚገኘው የሼክ ሆጀሌ ቤትና እነዚህን የመሳሰሉት ሁሉ ከዚህ መጋዘን ተጠቃሚ ይሆናሉ።

መለካቱ ከባድ ሥራ ነው የሚል ካለ፣ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልግለጽ። ለአንድ መለስተኛ ባለፎቅ ቤት የወለል ፕላን፣ ከላይ እስከ ታች የተቆረጠ ሴክሽንና የአራቱም ፊት ንድፍ በ1፡50 ልኬት ያስፈልጋሉ፤ የበር፣ የመስኮት፣ የበረንዳና የደረጃ ዝርዝር ደግሞ ተለቅ ባለ ልኬት ይወጣል። ድሮ ይህን በሜትርና በቱንቢ እንሠራው ነበር፤ ዛሬ የሌዘር መለኪያ፣ ከተለያየ አቅጣጫ የተነሡ ፎቶግራፎችን አገጣጥሞ ባለሦስት አውታር ምስል የሚያወጣ ሶፍትዌርና ድሮን አለ። ልምድ ያላቸው ሁለት ባለሙያዎችና ረዳቶች ለአንድ ቤት የሚያስፈልጋቸው ጊዜ የቀናት እንጂ የወራት አይደለም። ከንድፉ ጋር በቤቱ ረጅም ዘመን የኖሩ ሰዎች የሚናገሩት ቃል ይመዝገብ፤ የቱ ክፍል መቼ እንደተጨመረ፣ ጉድጓዱ የት እንደነበረ፣ መጀመሪያ የማን ቤት እንደነበረ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ባለሙያም ቢሆን አይጠፋም። በልደታ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት መነሻው በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ነው፤ ከከተማዋ ጋር አብሮ ያደገ ተቋም ነው። ተማሪዎቹ በመምህሮቻቸው ክትትል ይህን ሥራ እንደ ትምህርታቸው አካል ቢሠሩት ከተማዋም ትጠቀማለች፣ እነርሱም የአገራቸውን አሠራር በእጃቸው ዳስሰው ይመረቃሉ። ሰነዱ ደግሞ በአንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር አንድ ቅጂ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ቅጂ በአራት ኪሎው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ማንኛውም ተማሪ፣ አርክቴክት ወይም የቤቱ የቀድሞ ነዋሪ ጠይቆ ማየት ይቻለው።

ሕጉም ለዚህ እንግዳ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና በቅድሚያ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ለመገንባት ብቻ ሳይሆን ለማፍረስም ፈቃድ እንዲጠየቅ አድርጓል። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ነው። በቅርስነት ያልተመዘገበ ነገር ግን መቶ ዓመት የሞላው ወይም የተቃረበው ቤት ሲመጣ የቅርሱ ሕግ አይደርስለትም፣ የማፍረሻ ፈቃዱም ስለ ታሪኩ አይጠይቅም። በማፍረሻ ፈቃዱ ማመልከቻ ላይ «ቤቱ ተለክቷል፣ ንድፉና ፎቶግራፉ ገቢ ሆኗል፣ የሚጠበቁ ክፍሎቹ ተነሥተዋል» የሚል ገጽ ቢጨመርና ያ ገጽ ሳይሞላ ማሽን እንዳይገባ ቢደረግ ክፍተቱ ይሞላል። ይህ ገጽ መንግሥት ራሱ በሚያስፈርሳቸው ቤቶች ላይም ሊሠራ ይገባል፤ አብዛኞቹ የመሀል ከተማ አሮጌ ቤቶች የቀበሌና የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ናቸውና።

አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገው ሌላም ነገር አለ። ባለይዞታ የሆነ ሰው ለሕዝብ ጥቅም ሲነሣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለቤቱ ካሳ ይከፈለዋል፤ ካሳው እንዲሰላም ገማቾች ሜትር ይዘው ቤቱ ውስጥ ይገባሉ፣ የግድግዳውንና የጣሪያውን ዓይነት ይመዘግባሉ፣ ስፋቱን ይለካሉ። ባለሙያው በሩን አልፎ ገብቷል ማለት ነው። የምጠይቀው ያ ልኬት ትንሽ ሰፍቶ እንዲሠራና ካሳው ከተከፈለ በኋላ ከፋይሉ ጋር ተዘግቶ እንዳይቀር ነው። እንዲያውም የተሟላ ንድፍ መኖሩ ለባለንብረቱም ለመንግሥትም ዋስትና ይሆናል፤ በካሳው ላይ ቅሬታ ቢነሣ ቤቱ ከፈረሰ በኋላም ቢሆን የሚታይ ማስረጃ ይኖራል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን ምትክ ቤት እንጂ የቤቱ ካሳ ስለማይመለከተው ቤቱ እንዲህ ተጠንቅቆ የሚለካበት ምክንያት የለም፤ በዕድሜ የገፉት ታሪካዊ ቤቶች ደግሞ የሚበዙት በዚሁ ወገን ነው።

ልማቱ ፈጣን መሆኑና ጊዜ እንደማይሰጥ ይነገራል። ለዚህ ያለኝ መልስ የመሀል ከተማው መሪ ፕላንና የሚለሙት ሰፈሮች ዝርዝር ማሽኑ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ በቢሮዎች እጅ የሚገኝ መሆኑ ነው። ለነዋሪው የመነሻ ማስታወቂያ በሚሰጥበት ቀን ለለኪዎቹም ዝርዝሩ ቢሰጥ፣ ነዋሪው ዕቃውን በሚያሰናዳበት ጊዜ ውስጥ ሥራው ይጠናቀቃል። ገና ያልተነኩት ሰፈሮች ደግሞ ዛሬውኑ ሊለኩ ይችላሉ። በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ በሠራተኛ ሰፈር፣ በቀበናና በጉለሌ ዛሬም ቆመው የሚታዩ የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች አሉ፤ የመፍረስ ውሳኔ እስኪመጣባቸው መጠበቅ አያስፈልግም።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ የመዘገባቸውን ቤቶች ዝርዝር በየክፍለ ከተማው ለይቶ ለሕዝብ ቢያሳውቅ፣ በእያንዳንዱም ቤት በር ላይ የሚነበብ ምልክት ቢለጥፍ የብዙ ሰው ጥርጣሬ ይወገዳል። አንድ ቤት በሚፈርስበት ቀን ቅርስ ነበር፣ አልነበረም እያልን ከምንከራከር ዝርዝሩ አስቀድሞ በሁላችንም እጅ ቢኖር ይሻላል። ከዝርዝሩ የሚወጣም ካለ ለምን እንደወጣ ከነምክንያቱ ይጻፍ።

በመጨረሻም በእነዚህ ሰፈሮች ለኖርን ቤተሰቦች አንድ ጥሪ አለኝ። በየቤታችን አልበም ውስጥ በረንዳ ላይ የተነሣናቸው የሠርግ፣ የክርስትናና የዓውደ ዓመት ፎቶግራፎች አሉ፤ በአንዳንዶቻችን እጅ የአባቶቻችን የቦታ ካርታና ከ1967 ዓ.ም. በፊት የተሠራ የቤት ፕላን ይገኛል። ለለኪው እነዚህ እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ በፎቶግራፉ ላይ የቆመው ሰው ቁመት ከታወቀ የበረንዳውን ከፍታ ለመገመት ይረዳል። ከተማ አስተዳደሩ እነዚህን ሰነዶች ተቀብሎ ቅጂ የሚያስቀርና ዋናውን ለባለቤቱ የሚመልስ አንድ ክፍል በማዘጋጃ ቤቱ ቢከፍት እኔም ያሉኝን የአራዳ ቤቶች ልኬቶችና ፎቶግራፎች ይዤ ለመቅረብ፣ ለወጣቶቹ ለኪዎችም ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ መሆኔን በዚህ አጋጣሚ አሳውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጣ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ
ከአራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ